ከድጃን ዝም ያሰኘሁበት ቀን

ግቢዬ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር አዋላጅ ነርስ አለች። ትርንጎ ትባላለች፤ ከሆሳዕና ተመድባ አሰላ ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም። ባለፈው ማክሰኞ ከሥራ ስትመለስ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ባቄላ እፈለፍል ነበር። ቦርሳዋን ጣል አድርጋ አጠገቤ ቁጭ አለች። እኔም ጡረታ እስክወጣ ድረስ አዋላጅ ስለነበርኩ የሥራዋን ነገር የምታወራው ለእኔ ነው።

«እትዬ ፈንታነሽ፣ ዛሬ አንዷ ጆሮዬን አደነቆረችው» አለችኝ። «ዝም በይ ስላት ጭራሽ ይብስባታል።»

«ምን እያለች ነበር የምትጮኸው?» ብዬ ጠየቅኳት።

ትርንጎ ጥቂት አሰበች። «እኔ እንጃ» አለች። «ልብ ብዬ አልሰማኋትም።»

አልፈረድኩባትም። ባቄላውን ትቼ ስለ ከድጃ ነገርኳት። ከዚያ በፊት ለማንም ሙሉውን አውርቼው አላውቅም፤ ምክንያቱም በታሪኩ ውስጥ እኔ ጥሩ ሰው ሆኜ አልጀምርም።

ዲክሲስ ጤና ጣቢያ የተመደብኩት በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ጎጃም ሲሆን ኦሮምኛ ሲነገር መጀመሪያ የሰማሁት ሻንጣዬን ይዤ አሰላ ላይ ከአውቶቡስ ስወርድ ነበር። ከአሰላ ወደ ዲክሲስ ማዳበሪያ የጫነ መኪና ጋቢና ውስጥ ተሳፍሬ ሄድኩ። ግራና ቀኙ ስንዴና ገብስ ብቻ ነው፤ ኮረብታው ሁሉ ታርሶ፣ ነፋስ በመጣ ቁጥር አረንጓዴው ሲተኛና ሲነሳ ይታያል። ያን ሁሉ እህል አይቼ ደስ አለኝ። ብርዱን ግን ማንም አልነገረኝም ነበር። ኅዳር ላይ ጠዋት ስነሳ በባልዲ ያሳደርኩት ውሃ ላይ ስስ በረዶ አገኝ ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ወራት የተማርኳቸው የኦሮምኛ ቃላት ሦስት ናቸው። ኮቱ፣ ታኢ፣ ጨሊሲ። ነይ፣ ተቀመጪ፣ ዝም በይ። ለሥራዬ በቂ መስለውኝ ነበር። ትምህርት ቤት ያስተማሩን፣ የምትጮህ ወላድ ጉልበቷን ትጨርሳለች ብለው ነው። ዝም ብላ የምታምጠውን «ጎበዝ» እንላታለን፤ የምትጮኸውን እንቆጣታለን። ያኔ ይህን የሚጠራጠር ሰው አላጋጠመኝም፤ እኔም አልተጠራጠርኩም።

ከድጃ የመጣችው በነሐሴ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ባሏ ጀማል በፈረስ አስቀምጧት፣ ልጓሙን ይዞ በእግሩ እየሄደ አመጣት። ሁለቱም በዝናብ ርሰው ነበር። ጭቃው የፈረሱን ሆድ ሳይቀር ለብጦታል። ስትወርድ አየኋት፤ የእኔ እኩያ ናት፣ ቀጭን፣ ረጅም አንገት ያላት። ስመረምራት ምጧ ጥሩ ይሄዳል፤ የማህፀኗ በር ከግማሽ በላይ ተከፍቷል፤ የልጁ ልብ በደንብ ይመታል። ከቀትር በፊት ትገላገላለች ብዬ ገመትኩ።

ከዚያ ጮኸች።

ከእሷ በፊት የሰማሁት የምጥ ጩኸት ከጉሮሮ የሚወጣ፣ ቀጭንና ቁርጥ ቁርጥ ያለ ነበር። የእሷ ግን ከሆዷ ተነስቶ ረጅም፣ ወፍራም ሆኖ ይወጣና ምጡ እስኪያልፍ ድረስ አይቋረጥም። ሲያበቃ ትንፋሿን ትሰበስባለች፤ ፊቷ ይረጋጋል። ምጡ ሲመለስ ድምፁም ይመለሳል። የክትባት ቀን ስለነበር ከበሩ ውጪ ልጅ ያዘሉ እናቶች ተሰልፈዋል። አንዳንዶቹ አንገታቸውን እያሰገጉ ወደ ክፍሉ ያያሉ። አፈርኩ። አዲሷ ሲስተር አንዲት ወላድ መያዝ አቃታት የሚሉኝ መሰለኝ።

«ጨሊሲ» አልኳት። ሁለተኛም፣ ሦስተኛም አልኳት። አራተኛው ላይ ጭኗን በመዳፌ መታሁት።

ምናልባት አላመማትም ይሆናል። ግን መትቻታለሁ፤ ይህን ሳልሸፋፍን ነው የምናገረው። ቀና ብላ አየችኝ። ቁጣ የለበትም አስተያየቷ። ዘመድ ቤት የደረሰ መስሎት የማያውቀውን ሰው በር ያንኳኳ ሰው ዓይን ነበር። ከዚያ የሻሿን ጫፍ ጠቅልላ አፏ ውስጥ ከተተች፣ ነከሰችው፣ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ጎበዝ» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ክፍሉ ጸጥ አለ፤ የሚሰማው ቆርቆሮውን የሚደበድበው ዝናብ ብቻ ነው። እኔም ሥራዬን በአግባቡ እንደሠራ ሰው ሌሎች በሽተኞች ዘንድ ሄድኩ። ስድስት ሰዓት ላይ ስመረምራት ጠዋት ከነበረችበት ፈቀቅ አላለችም። ስምንት ሰዓት ላይም እንዲሁ። ምጡ ደግሞ እየራቀ፣ እየደከመ መጣ። እጇን ስይዘው በረዶ ሆኗል፤ ትከሻዋ ተሰብስቦ ጆሮዋ ሥር ደርሷል፤ መንጋጋዋ አልላቀቅ ብሏል። የልጁ ልብ ገና ደህና ነው፤ እስከ መቼ ደህና እንደሚሆን ግን አላውቅም።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ መጥቶ አያት። የእኛ መኪና በዋዜማው አሰላ እንደሄደ ጭቃ ይዞት ቀርቷል። «አስር ሰዓት ላይ እህል የሚጭን መኪና ይነሳል» አለኝ። «እስከዚያ ለውጥ ከሌለ በእሱ ጭነን አሰላ እንልካታለን። አንቺም አብረሻት ትሄጃለሽ።»

ያንን መንገድ በደረቁ ወቅት አውቀዋለሁ። በነሐሴ፣ በጭነት መኪና፣ ምጥ የያዛትን ሴት ይዤ ስሄድ ታሰበኝ።

እትዬ ሸምሲያ በዚያች ሰዓት ወለሉን ይጠርጉ ነበር። የጤና ጣቢያው የጽዳት ሠራተኛ ነበሩ፤ ሃምሳን ያለፉ፣ ስድስት የወለዱ፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል የሚናገሩ የዚያው አገር ሴት። መጥረጊያቸውን ግድግዳ አስደግፈው አዩኝ።

«ሲስተር፣ ይህቺን ልጅ ምን አልሻት?»

«ዝም በይ ነው ያልኳት።»

«እንግዲህ ያልሻትን አድርጋለች» አሉኝ። «ዝም ብላ ዋለች።»

ሄደው አልጋው አጠገብ ቁጢጥ አሉና በኦሮምኛ ቀስ ብለው ያናግሯት ጀመር። ከድጃ መጀመሪያ ራሷን ብቻ ትነቀንቅ ነበር። ኋላ ሻሹን ከአፏ አወጣችና ተናገረች፤ ብዙ ተናገረች፤ እንባዋ በጆሮዋ ላይ ይወርዳል። እኔ አንድም ቃል አልገባኝም። እትዬ ሸምሲያ ሲነሱ ፊታቸው ተለውጦ ነበር።

«ይህ ሁለተኛዋ ነው» አሉኝ። «የፊተኛውን ያማጠችው ቤቷ ነው። ከባሏ አባት ጋር ነው የሚኖሩት፤ ሽማግሌው ከግድግዳው ወዲያ ታመው ተኝተው ነበር። እኛ ዘንድ ምራት የአማቷን ስም እንኳ አትጠራም፤ እንዲህ ያለ ድምፅማ እንዴት ታሰማለች? አፈረች። ጨርቅ ነክሳ ዋለች። ሴቶቹ ሁሉ ለአጨዳ ወጥተዋል። ማንም አላወቀላትም። ሲያውቁላት ልጁ አልቆለታል።»

ዞሬ ከድጃን አየኋት።

«አሁን እዚህ የመጣችው ለመጮህ ነው፣ ሲስተር። ይህን ሁሉ መንገድ በዝናብ በፈረስ የመጣችው አማቷ የማይሰሙበት ቦታ ፈልጋ ነው።»

በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ተሳስቻለሁ፤ እንደዚያች ደቂቃ ግን ስህተቴ ፊት ለፊቴ ተኝቶ አይቼው አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ።

«ጩኺ በኦሮምኛ ምንድን ነው?»

«ኢዪ» አሉኝ።

ከአልጋው አጠገብ ተንበርክኬ «ከድጃ፣ ኢዪ» አልኳት። ፊቴን ሳይሆን እጄን አየች፤ የመታኋትን እጅ። እጄን ዘረጋሁላት። ቆይታ ያዘችው። ምጥ ሲመጣ ግን አፏ ተከፍቶ ድምፅ አልወጣም፤ ትንሽ ማቃሰት ብቻ። ዓይኗ በሩ ላይ ነው። ሰውን አንዴ ከከለከሉት በኋላ ጩኸት እንደገና በትእዛዝ እንደማይመጣ ገባኝ።

ያን ጊዜ እኔ ጮህኩ። አስቤበት አይደለም። ምጡ ሲይዛት እጄን ጨመቀችኝና አፌን ከፍቼ፣ ጠዋት ከእሷ የሰማሁትን ድምፅ በተቻለኝ መጠን አስመስዬ ለቀቅኩት። ዘበኛው ዱላውን ይዞ እየሮጠ መጣ። እትዬ ሸምሲያ «ሂድ ወዲያ፣ ሲስተር ናት» ብለው መለሱት። ከድጃ አየችኝ፤ ከዚያ ሳቀች። እንባዋ ሳይደርቅ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። የሚቀጥለው ምጥ ሲመጣ ድምፁ የራሷ ነበር።

ጩኸቱ ብቻ ነው ያዋለዳት አልልም። ከአልጋው አውርደን በክፍሉ ውስጥ እያንሸራሸርናት ነበር፤ እትዬ ሸምሲያ ስኳር የበዛበት ሻይ አመጡላት፤ ጀማል ይዞት ከመጣው ጩኮ፣ ያ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ ታሽቶ የሚሠራው፣ ትንሽ ትንሽ ቀመሰች። ግን የመጀመሪያው ጩኸት ሲወጣ ትከሻዋ ከጆሮዋ ሥር ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ። መንጋጋዋ ተላቀቀ። እጇ ሞቀ። ምጡም ተመልሶ ቀረብ ቀረብ ማለት ጀመረ።

ለጀማል ልነግረው ወጣሁ። ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ቆሞ፣ የፈረሱን ልጓም እንደያዘ፣ ጆሮውን ወደ መስኮቱ አድርጎ ነበር። ሚስቱ በመጮኋ የሚያፍር መስሎኝ «አይዞህ፣ ብትጮህም ደህና ናት» አልኩት።

«ትጩህ» አለኝ በተሰባበረ አማርኛ። «ያን ጊዜ አልሰማናትም።»

ስመለስ እትዬ ሸምሲያ ዓይናቸውን ጨፍነው ግድግዳ ተደግፈዋል። የተኙ መስሎኝ ነበር። «ስሚ» አሉኝ። «አሁን ከደረቷ ነው። ገና ነው።» ሁለት ሦስት ምጥ አለፈ። «ወረደ፤ ሰማሽ? ቀርቧል።» መስማት ጀመርኩ። እውነትም ድምፁ ይወርዳል፤ ከጉሮሮ ወደ ደረት፣ ከደረት ወደ ሆድ። አንድ ጊዜ ደግሞ በረጅሙ ስትጮህ መሃል ላይ ድምፁ ቁርጥ አለና ከባድ ዕቃ እንደሚያነሳ ሰው «እህህ» አለች። እትዬ ሸምሲያ ዓይናቸውን ገለጡ። እኔም ጓንቴን አጠለቅኩ። ስመረምራት ሙሉ በሙሉ ተከፍታለች።

ልጅቷ የተወለደችው አስራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ነው። ያ የጭነት መኪና እኛን ጠብቆ ጠብቆ እህሉን ብቻ ይዞ ሄዷል። ሕፃኗ ገና ከእጄ ሳትወርድ አፏን ከፍታ ቤቱን አናጋችው። ከድጃ ደረቷ ላይ አድርጋ እያየቻት አንድ ነገር አለች፤ ድምጿ ሻክሮ በቅጡ አይሰማም። እትዬ ሸምሲያ ተረጎሙልኝ፤ «ከሁሉ ያመመኝ ጉሮሮዬ ነው» እያለች ነው።

ይቅርታ እንዲጠይቁልኝ ለመንኳቸው። ስለመምታቴም ጭምር። ሲነግሯት ከድጃ ጭኗን ዳሰስ አደረገች፤ ከዚያ በምታውቃት ትንሽ አማርኛ ራሷ መለሰችልኝ። «አንቺም ጮኸሽ» አለች። ይቅርታው ይኸው ነበር፤ ሌላ አልጨመረችም፤ እኔም ሌላ አልጠየቅኩም።

ከዚያ ወዲያ በዲክሲስም፣ በጮሌም፣ በሲሬም፣ በመጨረሻም አሰላ ስሠራ ማንንም ዝም በይ ብዬ አላውቅም። ጆሮዬ ሁለተኛ እጄ ሆነ። ከበሩ ውጪ ቆሜ የትኛዋ እንደደረሰች እለይ ነበር። ማርያምን የሚጠሩ ነበሩ፤ ያ ረቢ የሚሉ ነበሩ፤ አዮ እያሉ በሕይወት የሌለች እናታቸውን የሚጣሩ ነበሩ። ባሏን ከነዘር ማንዘሩ የምትራገም አስተማሪ ነበረች፤ ወልዳ ስትጨርስ ጥሩልኝ ብላ አስጠርታ የሳመችው። እየዘፈነች የወለደችም አለች። በተፈጥሯቸው ዝም የሚሉም ነበሩ፤ እነሱንም አልጎተጎትኩም፤ ግን ዝምታው የራሳቸው መሆኑን፣ ሰው የጫነባቸው አለመሆኑን ጠጋ ብዬ አረጋግጥ ነበር። መለየት ይቻላል። እጃቸውን ሲይዙት ይታወቃል።

ትርንጎ እስከ መጨረሻው ሳታቋርጥ ሰማችኝ። እኔም ምክር አልጨመርኩም። ሥራዋን የምትማረው ከወላዶቹ ነው።

እኔ አሁን ስልሳ አምስት ዓመት አልፎኛል። የደጋ ብርድ ጉልበቴ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል፤ በተለይ በክረምት፣ ከወንበር ስነሳ፣ ከግቢው በር እስከ ቤቱ ያሉትን ደረጃዎች ስወጣ ያመኛል። ሲያመኝ «ወይ እናቴ» እላለሁ፤ በሹክሹክታ አይደለም፣ በሙሉ ድምፄ፣ እያንዳንዱ ደረጃ ላይ። እውነቴን ነው፣ ይቀለኛል። ልጄ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ክንዴን ይዞ እየደገፈኝ ይሸማቀቃል። «እማዬ፣ ቀስ በይ እንጂ» ይለኛል። «ጎረቤት ይሰማል።»

«ይስማ» እለዋለሁ።