የኩራሺና ጊታር የተበጠሰ ሽቦ

ሽቦው ሲበጠስ ድምፅ እንኳ አላሰማም። ከፀጉር የቀጠነ ነገር ምን ድምፅ ይኖረዋል? ሂሳኤ ግን ሰው ሁሉ የሰማባት መስሏት ቀና አለች። ማንም አልነበረም። አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች የምሳ ሶባቸውን፣ ያን የጃፓን ፓስታ፣ ሊበሉ ወጥተዋል።

ሂሳኤ በጃፓኗ ማትሱሞቶ ከተማ አንድ የጊታር ፋብሪካ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሽቦ ስትጠቀልል ኖራለች። ከጊታሩ ክሮች ሥር የክሩን ንዝረት ተቀብሎ ወደ ድምፅ ማጉያው የሚልክ ማግኔት አለ፤ በእሱ ላይ ሽቦ በሺህ የሚቆጠር ዙር ይጠቀለላል። የሚያሽከረክረው ማሽን ነው፤ ሽቦውን በጣቶቿ መሃል እያሳለፈች የምትመራው ግን እሷ ናት። የእጇን ልክነት ፋብሪካው ሁሉ ያውቀዋል። እሷም ታውቀዋለች፤ ምን አስደበቀኝ፣ ኮራ ትልበትም ነበር። ጉድ ውስጥ የከተታትም ይኸው ኩራቷ ነው።

በዚያ በፈረንጆች 1978 ፋብሪካው የሚሠራው የድሮ አሜሪካ ጊታሮችን አምሳያ ነበር። አምሳያ ለመሥራት ዋናው ያስፈልጋል፤ ዋናው ደግሞ በከተማው ውስጥ የሚገኘው መምህር ኩራሺና ቤት ብቻ ነው። ሰውየው በወጣትነቱ ለአሜሪካ ወታደሮች ሲጫወት ያገኘውን ጊታር ሃያ ዓመት እንደ ልጅ አቅፎ የኖረ፣ በጆሮው የተከበረ ሙዚቀኛ ነው። እንጨቱን ይለኩ፣ ቀለሙን ይዩ ብሎ ለአንድ ሳምንት አዋሳቸው። «የሽቦውን መሸፈኛ ጨርቅ ግን በጥፍራችሁ እንዳትነኩት!» ብሎ አስጠነቀቀ። ሂሳኤ ነካችው። ጊታሩ በተሠራበት ፋብሪካ እንደ እሷ ሽቦ ትጠቀልል የነበረች አንዲት የማታውቃት አሜሪካዊት ሠራተኛ ሽቦውን እንዴት እንደጠቀለለችው ለማየት ጓጓች። ጨርቁን ገለጥ ስታደርግ ሽቦው ከሥሩ ብጥስ አለ። ልትቀጥለው ብትሞክር ደግሞ ተበጠሰ፤ እርጅና ውስጡን በልቶታል።

ምሳ ሊያበቃ አርባ ደቂቃ ቀርቷል። ለፎርማኑ ለአካሃኔ ልትነግረው አሰበችና ተወችው። ከሥራ መባረሩስ ይሁን፤ በዚያች ከተማ «የመምህሩን ጊታር የገደለች» ተብሎ መኖር ግን እንዴት ይቻላል? አሮጌውን ሽቦ ፈትታ ኪሷ ውስጥ ወሸቀችው፤ በራሷ ሽቦ ትጠቀልል ጀመር። እጇ እንደዚያ ቀን ተንቀጥቅጦ አያውቅም። ሽቦው አንዴ ይላላል፣ አንዴ ይወጠራል፣ አንዴ ወደ ዳር ያመልጣታል። ጀማሪ እንኳ እንዲህ ያለ ሥራ ያፍርበታል። ፈትታ እንደገና ልትጀምር ስትል እርምጃ ሰማች፤ ቶሎ በየደችው፣ በጨርቁ መልሳ ሸፈነችው፣ ላቧን ጠረገች።

ሐሙስ ዕለት ሁለቱ ጊታሮች ከመጋረጃ ጀርባ ቀረቡ። የፋብሪካው ልማድ ነው፤ የዋናው ባለቤት በጆሮው ብቻ የራሱን መለየት ካቃተው አምሳያው አለፈ ይባላል። በአምሳያው ውስጥ ያለው ሽቦ ሂሳኤ ባለፈው ወር በረጋ እጅ፣ አንድ ዙር ሳታዛንፍ የጠቀለለችው ነው። በዋናው ውስጥ ያለውም የእሷው ነው፤ ያንን ግን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

ኩራሺና ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። ሂሳኤ በሩ አጠገብ ቆማ ነፍሷ ግቢ ውጪ ትላለች። ሁለቱም የኔ አይደሉም ቢል አለቀላት።

የመጀመሪያው ተመታ። ሁለተኛው ተመታ።

«የኔ ሁለተኛው ነው» አለ ወዲያው። «ይኼ ያለቅሳል። የመጀመሪያው ንጹሕ ነው፣ ግን ምን ያደርጋል? አስተማሪ ፊት የቆመ ተማሪ ይመስላል።»

ሰዉ ሳቀ። መጋረጃው ሲገለጥ ልክ ነበር።

አካሃኔ ግን አልሳቀም። «እንጨቱ ያው፣ ማግኔቱ ያው። የቀረን ሽቦው ነው። ሂሳኤ፣ ያቺ አሜሪካዊት በለጠችዎትኮ! ነገ እንደገና ይጀምሩ፤ እንደሷ እስኪሆን ድረስ።»

ሂሳኤ እፎይ ማለት ነበረባት፤ አላለችም። አንድ ቀን አንድ ጠጋኝ ያን ጨርቅ ይገልጠዋል፤ አዲስ ሽቦ ደግሞ በቀለሙ ይታወቃል። ያንን ቀን እየጠበቁ መኖር አስፈራት። ኩራሺናን ግቢው ውስጥ ሮጣ ደረሰችበት፤ አጎንብሳ ቀና ሳትል ተናገረች።

«መምህር፣ ይቅር ይበሉኝ። የእርስዎ ሽቦ በእጄ ተበጥሷል። አሁን የሰሙት እኔ የጠቀለልኩትን ነው። ሁለቱም የኔ ናቸው።»

አልጮኸባትም። ቢጮህባት ይሻላት ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ማን ያውቃል?»

«ማንም አያውቅም።»

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ነው የኔ ነው ያልኩት።» ዘወር ብሎ የፋብሪካውን መስኮቶች አንድ በአንድ አያቸው። ሂሳኤ ያኔ ገባት፤ ሰውየውም ፈርቷል፣ ምናልባትም ከእሷ ይበልጥ። «ስሚኝ፣ አንቺ አልነገርሽኝም፣ እኔም አልሰማሁም። ትንፍሽ ብትዪ ሁለታችንም ጠፋን።»

ጊታሩን በሁለት እጁ አቅፎ፣ ሳይሰናበታት፣ ሊሮጥ ምንም ሳይቀረው ሄደ።

በማግስቱ ሂሳኤ ማሽኗ ፊት ተቀመጠች። እስከ ትናንት ፍርሃቱ የራሷ ብቻ ነበር፤ የዛሬው የሁለት ሰው ሸክም ሆኗል። አካሃኔ ከኋላዋ ቆሞ ትንፋሹ ይሰማታል። እጇን ልታረጋው ሞከረች፣ እምቢ አላት። ሽቦው ይላላል፣ ይወጠራል፣ ያመልጣታል። አሁንስ ተነቃብኝ አለች በልቧ።

አካሃኔ ሥራዋን ወስዶ አምሳያው ላይ አስገጠመና አንድ ጊዜ መታው።

«ይኼ ነው!» ብሎ አጨበጨበ። «ኑ ስሙት፣ ያለቅሳል! ሂሳኤ፣ ምን አድርገው ነው?»

«እንጃ።»

«ምንም ይሁን ምን እንዳይተዉት! እንዲህ ያለ በወር ሁለት መቶ እንፈልጋለን።»

ሂሳኤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን እጇን አየችው፤ መንቀጥቀጡን ገና አላቆመም።

«እኔ ብተወውም አይተወኝም» አለች።