ሱረያ የወጋችው ሰማይ

ባለፈው ኅዳር አንድ ምሽት፣ ጅማ የምኖርበት መንደራ ቆጪ ሰፈር መብራት ጠፋ። መግሪብ ሰግጄ ግቢው ውስጥ አረፍ እንዳልኩ የልጅ ልጄ ሂክማ ስልኳን ወደ ሰማይ ቀስራ መጣች። ስልኩ የኮከቦቹን ስም ያወጣል፤ በመስመር እያገናኘም ሥዕል ይሠራላቸዋል።

«እማማ፣ ይቺን ይዩዋት! አንድሮሜዳ ትባላለች። የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት ይላል!»

«አውቃታለሁ» አልኳት።

«ከየት አወቋት?»

«ትምህርት ቤት ተምረናታል» አልኩና ብርድ እንደገባው ሰው ተነሥቼ ወደ ቤት ገባሁ። ብርድስ አልነበረም። ለሂክማ ያልነገርኳትን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ያኔ የምንኖረው ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው ትንሽ ከተማ፣ የቡ ነበር። ሱረያና እኔ ጎረቤታሞች፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጆች፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ነበርን። አባቷ ሐጂ ከማል ቡና ነጋዴ ነበሩ፤ አባቴ ደግሞ በእሳቸው በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋ ነበር። ከክፍላችን ሱረያ አንደኛ ትወጣለች፣ እኔ ሁለተኛ። ከታችኛው ክፍል ጀምሮ እንዲሁ ነው። ሰው እህትማማቾች ይለን ነበር፤ እኔም በእውነት እወዳት ነበር። ይህን የምለው ጥፋቴን ለማቅለል አይደለም፤ እንዲያውም ያከብደዋል።

የቡና ለቀማ ሰሞን ነበር። በዚያ ወቅት የየቡ አየር ሌላ ነው። የተፈለፈለው ቡና ገለፈት ተከምሮ ይጎመዝዛል፤ ሽታው ልብስና ጸጉር ውስጥ ይገባል። ክረምቱን ሙሉ ጫማችንን ሲውጥ የከረመው መንገድ ይደርቃል፣ ሰማዩም ይጠራል። የጂኦግራፊ አስተማሪያችን መምህር ማርቆስ ጅማ ለሚደረገው የትምህርት ቤቶች ኤግዚቢሽን የሰማይ ካርታ እንሥራ ያለን ያን ጊዜ ነው። ከደቡብ የመጣ፣ መነጽር ያደረገ፣ ቀጭን ሰው ነበር። ጴንጤ ነው እየተባለ በሹክሹክታ ይወራበታል። እኛ ትልቅ ሰው ይመስለን ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ግን እሱም ገና ልጅ ነው።

ስለ አንድሮሜዳ የነገረን እሱ ነው። «እናቷ ንግሥቲቱ፣ የልጄን ቁንጅና የባሕር ልጃገረዶች አይደርሱበትም ብላ ፎከረች። የባሕሩ አምላክ ተቆጣና አገሩን የሚያጠፋ አውሬ ላከ። ንጉሡም አገሩን ለማዳን ሲል ልጁን ለአውሬው በሰንሰለት ዐለት ላይ አሰራት» አለን። በኋላ ጀግና መጥቶ እንደፈታት፣ ግሪኮችም ቤተሰቡን ሁሉ ሰማይ ላይ እንዳስቀመጡት ተረከልን። ክፍሉ የኢትዮጵያ ንጉሥ በመባሉ ኮራ።

ሱረያ እጇን አወጣች። «የፎከረችው እናትየው ናት። ልጅቷ ምን አድርጋ ታሰረች?»

መምህሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «ይህን የጠየቀኝ ተማሪ አልነበረም» አለ።

ያን ዕለት ማታ ሱረያ ታሪኩን ለአባቷ ስትነግራቸው አብሬያት ነበርኩ። ሐጂ ከማል በዐረብኛ ኪታብ ያደጉ ሰው ናቸው፤ የቡና ማስጫው ዳር ቆመው ከምሥራቅ ብቅ ያሉትን የተጠጋጉ ትንንሽ ኮከቦች አሳዩን። «ያቻትና ሱረያ! ያንቺን ስም ከዚያ ነው ያመጣሁት። ከኋላዋ የሚወጣው ቀዩ ኮከብ ደግሞ ደበራን ነው፤ ተከታዩ ማለት ነው። ሊያገባት ጠየቃት፣ ድሃ ነህ ብላ መለሰችው። እሱም ግመሎቹን ሰብስቦ እየነዳ ይኸው እስከ ዛሬ ይከተላታል።» ሳቁና ራሷን ዳበሷት። «ኢንተለኮ፣ ልጄ፣ አንቺንም የሚፈልግ ገና ብዙ መንገድ ይሄዳል። እስከዚያ ተማሪ።»

ክፉ አባት አልነበሩም። ይህ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ።

ካርታውን የሠራነው ከትልቅ ካርቶን ነው። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሰብረን ጥቁሩን ዱቄት በውኃ በጥብጠን ቀባነው። ሐሳቡ የሱረያ ነበር፤ ኮከቦቹን በቀለም ከመሳል ካርቶኑን እየወጋን ብርሃን እናሳልፍበት አለች። መርፌውን ከአባቴ ማሽን ሥር እኔ አመጣሁ። ትልልቆቹን ኮከቦች በወስፌ፣ ትንንሾቹን በመርፌ ወጋቻቸው። ከየሥራቸው የግሪኩን ስም፣ አባቷ የነገሯትን የዐረብኛውን፣ የምናውቀውንም ኦሮምኛ በነጭ ጻፈች። መስኮቱ ላይ ስንደግፈው ከኋላው ፀሐይ ገባበትና ኮከቦቹ በሩ።

ቦታቸውን ለማመሳከር ሦስታችን፣ መምህሩ፣ ሱረያና እኔ፣ እየመሸ ሲሄድ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ሜዳ ላይ እንቆም ነበር። ሁልጊዜም ሦስታችን ነን። አንድ ቀን መምህሩ፣ «ጅማ የሚፈቀደው ለአንድ ተማሪ ብቻ ነው። ሱረያ ትሄዳለች» አለ። ቀጥሎ እኔን አየና፣ «ዘሃራ፣ አንቺም ብዙ ረድተሻል» አለኝ።

ረድተሻል። ቃሉ እስከ ቤት ድረስ ተከተለኝ። በማግስቱ እነሱን እዚያው ሜዳው ላይ ትቼ፣ ራሴን አሞኛል ብዬ ብቻዬን ተመለስኩ። መንገድ ላይ የሱረያ ታላቅ ወንድም ሰኢድ አገኘኝ።

«ሱረያስ?»

«ከመምህሩ ጋር ናት።»

«ሌላ ማን አለ?»

«ሁለቱ ብቻ ናቸው።»

«የት?»

«ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ጨለማው ውስጥ።»

ሁሉም እውነት ነበር። አንዲት የሐሰት ቃል አልተናገርኩም። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» ሲለኝ ግን አንገቴን ደፋሁ። እኔም ሁልጊዜ አብሬያቸው ነኝ፣ ካርታ ነው የምንሠራው ማለት እችል ነበር። ዝም አልኩ። ሰኢድ መልሱን ከዝምታዬ ወስዶ ሮጠ።

ሰኢድ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ መምህሩን ደበደበው። በማግስቱ ጠዋት የተሰባበረ መነጽሩን ሣሩ ላይ አየሁት። በሦስተኛው ቀን ዕቃውን ሳይሰበስብ ከከተማው ወጣ፤ ወዴት እንደሄደ የነገረን የለም።

ሐጂ ከማል እኛ ቤት የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ ብቻቸውን። እናቴ ወንበር ሰጠቻቸው፤ አልተቀመጡም። ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

«ዘሃራ፣ ልጄ» አሉ። «አላህ ይሰማሻል። ሱረያ ምንም የለም ትላለች፤ እኔም ላምናት እፈልጋለሁ። አንቺ አብረሻት ነበርሽ። ያየሽው መጥፎ ነገር አለ?»

እንዲህ የሚለምን አባት ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ አላየሁም። ከአፌ የሚጠብቁት አንድ «የለም» ብቻ ነበር። ግን የለም ካልኩ፣ ታዲያ ለሰኢድ ለምን እንዲያ አልሽው እባላለሁ። እናቴ ትሰማለች፤ አባቴም እሳቸው በረንዳ ላይ ነው የሚሠራው። ፈራሁ። ከፍርሃቱ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር ነበር፤ ጅማ።

«እኔ እንጃ፣ ሐጂ» አልኩ። «አላውቅም።»

ሐጂ ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ። ወር ሳይሞላ ሱረያ ደዶ ገጠር ላለ፣ ሚስቱ ለሞተችበት ገበሬ ተዳረች። በሠርጓ ቀን በእናቷ በኩል፣ «ማሎ፣ እባካችሁ ዘሃራን ጥሩልኝ» ብላ ልካብኝ ነበር። አሞኛል ብዬ ቀረሁ።

ጅማ የሄድኩት እኔ ነኝ። ካርታው መስኮት ላይ ተሰቀለ፣ ሰው ተሰብስቦ አየው። አንድ መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ፣ «ማን ነው የሠራው?» ብለው ጠየቁ። «እኔ» አልኩ። አትላስ ሸለሙኝ።

ሱረያን እንደገና ያገኘኋት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ልጆች ወልጄ ጅማ ስኖር ነው። ገበያ ውስጥ ድንች በማዳበሪያ ከረጢት ዘርግታ ተቀምጣለች። እጇ ሻክሮ፣ የፊት ጥርሷ አንዱ ጎድሎ፤ ግን ዓይኗ ያው ነው። አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ።

«ተይ ዘሃራ፣ ሰው ያያል» አለችኝ። «ሰኢድ ያኔውኑ ነግሮኛል። ያልሽውንም፣ ያላልሽውንም።»

«ይቅር በይኝ።»

ድንቹን በመጠን በመጠን እየለየች፣ «ካርታው ጅማ ሲሰቀል ብርሃን አሳለፈ?» አለችኝ።

«አሳለፈ።»

«ሰው ወደደው?»

«ወደደው፣ ዋላሂ።»

«ማን ሠራው ብለው ጠየቁሽ?»

ዓይኔን ወደ ድንቹ መለስኩ። ሱረያ መልሱን ፊቴ ላይ አነበበችው መሰለኝ። ድንች የምትጠይቅ ሴት መጣች፤ ወደ እሷ ዞረች፣ ዳግም አላየችኝም። አትላሱን ያን ዕለት ማታ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት፤ ለእሷ ያመጣላት ነገር ግን የለም።

ደዶ ውስጥ መሞቷን የሰማሁት አምና ነው። ለቅሶ ለመድረስ ተነሥቼ፣ መናኸሪያ ደርሼ ተመለስኩ። ምኗ ነሽ ቢሉኝ ምን ልላቸው ነው?

ይህን ሂክማ ብትሰማ፣ «እማማ፣ ያኔ እኮ ልጅ ነበሩ» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ደግ ልጅ ናት። ጎረቤቶቼም ቢሰሙ እንደዚያው ይሉኝ ነበር፤ አሥራ አምስት ዓመት ምን ዕድሜ ነው፣ በዚያ ላይ ዘመኑ፣ ባህሉ፣ የሱረያ ወንድም፣ አባቷ እያሉ ጥፋቴን ለብዙ ሰው ያካፍሉልኝ ነበር። እኔም ለራሴ ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። ነገር ግን ሐጂ ከማል እዚያ ቆመው ሲጠይቁኝ ምን እየተደረገ እንደሆነ አልገባኝም ነበር ብል እዋሻለሁ። አላውቅም አልኳቸው። አውቅ ነበር።