እናቴን ልወስድ ወደ መንዝ

ሐሙስ፣ ንጋት፣ አዲስ አበባ

አውቶቡስ ተራ የደረስኩት ሰማዩ ገና ሳይገረጣ ነው። የመሐል ሜዳው አውቶቡስ ጣራ ላይ ፍራሽ፣ የፕላስቲክ ወንበርና አንድ አዲስ የቆርቆሮ በር ይጫናል። እኔ የያዝኩት አንድ ሻንጣ ነው፤ ውስጡ ወፍራም የሴት ካፖርትና የዓይን ሐኪም የቀጠሮ ወረቀት አለ። ካፖርቱም ቀጠሮውም የእናቴ ናቸው። እናቴ ሰማንያ ሊሞላት ነው፤ ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል። አምጥቼ አሳክማታለሁ፣ ከዚያ ወዲያ እኔው ጋ ትቀመጣለች ብዬ የዓመት ፈቃዴን ወስጃለሁ።

እውነቱን ልናገር። ይህን ሁሉ ያሰናዳሁት ለዓይኗ ብቻ አይደለም፤ ቅናትም አለበት። ሰባት ዓመቴ ላይ፣ ልጅ ያልነበራት አክስቴ ከመንዝ አምጥታ አዲስ አበባ አሳደገችኝ፣ አስተማረችኝ። ዛሬ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ታናሽ እህቴ ደብሪቱ ግን እናቴ ጋ ቀረች። አርባ ዓመት ሙሉ ሰው "እናትሽ እንዴት ናቸው?" ባለኝ ቁጥር፣ መልሱን የምታውቀው ደብሪቱ መሆኗን እያሰብኩ አርሬያለሁ። የሄድኩባቸው ጊዜያት በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራሉ። ደብሪቱ "አንቺ" የምትላትን እናት እኔ እንደ እንግዳ "እርስዎ" እላታለሁ። አሁን ተራው የእኔ ነው ብያለሁ።

ሐሙስ፣ እኩለ ቀን አልፎ፣ ጣርማ በርና ሞላሌ

ደብረ ብርሃን ላይ ዳቦና ቆሎ ገዛሁ። ጣርማ በር ስንደርስ አስፋልቱን ትተን ወደ ግራ ታጠፍን፤ ጉሙ መጥቶ መስታወቱ ላይ ተለጠፈ። ሹፌሩ መብራቱን አበራ፣ መስኮቱን ከፈተ፣ አንገቱን አወጣ።

"ዛሬ የምነዳው በጆሮዬ ነው" አለ።

"ማርያም ትከተልህ" አሉት ከኋላ የተቀመጡት።

ከፊቴ አንዲት አሮጊትና ፀጉሯ የሸበተ ልጇ ተቀምጠዋል። አሮጊቷ በየኮረብታው "አፍሽን ሸፍኚ፣ ብርድ ይገባሻል" እያሉ ይቆጧታል። እሷም "እሺ እማዬ" እያለች እንደ ሕፃን ነጠላዋን ትስባለች። ዳቦዬን ይዤ ወደ ውጭ ዞርኩ። ማየት አልፈለግሁም።

ሞላሌ ገበያ ነው። በግ፣ ገብስ፣ የተፈተለ የበግ ፀጉር፣ ተጠቅልሎ የቆመ ጥቁር የዝተት ምንጣፍ። የበግ ቅቅል በላሁ። ባለቤቷ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

"እናት ያላት ሰው! ታድለሽ" አለችኝ። ከፍዬ ወጣሁ።

መሐል ሜዳ ገብቼ አደርኩ።

ዓርብ፣ ረፋድ፣ የጓሳ አፋፍ

ጋሽ ተክሌ ፈረስ ያከራያሉ። የሰባ ዓመት ሰው ናቸው፤ ግን ከፈረሱ ይቀድማሉ። ውርጩ ሣሩን እንደ ጨው አልብሶታል። መንደራችን ከጓሳ ጥብቅ ሣር ሥር ነው፤ እስኪደረስ የሦስት ሰዓት መንገድ ይቀራል።

"የማን ልጅ ነሽ?"

"የወይዘሮ የሺእመቤት።"

"ደብሪቱን ነው እኔ የማውቃት።"

"ታላቋ ነኝ።"

"ለካ ታላቅም አላት! ረስቼው" አሉና ፈረሱን አቆሙት።

ቀጥለው የእናቴን ሕይወት ለእኔው ይተርኩልኝ ጀመር። በአሥራ ሦስት ዓመቷ ተዳረች፤ ከዚያ ባል ሸሽታ ገዳም ገባች፤ መልሰው አመጧት፤ ደግሞ ሸሸች። አባቴን ራሷ መርጣ አገባች። እሱ በሳምባ ሲሞት የሚያርስላት ወንድም፣ በቅርብ የምትጠጋው ዘመድ አልነበራትም። የነበራት አንድ በሬ ነው።

"ከእኛ በሬ ጋር አቀናጅታ እርፉን ራሷ ጨበጠች። በዚህ አገር ሴት እርፍ ስትጨብጥ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሽማግሌ ተላከባት፤ እኔም ወጣት ሆኜ ተከትዬ ሄጃለሁ። ሴት ካረሰች ዝናም ይቀራል አሏት። ምን አለች መሰለሽ? ‘ዝናሙ ከቀረ ለሁላችንም ነው የሚቀረው፤ ረሃቡ ግን የገባው እኔ ቤት ብቻ ነው።’ ሦስት ክረምት አረሰች። ያቺ ትንሿ ልጅ ከትልሙ ዳር ተቀምጣ ወፍ ትጠብቅላት ነበር።"

ትንሿ ልጅ ደብሪቱ ናት። እኔ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ጫማ አድርጌ ፊደል እቆጥራለሁ። የእናቴን ገድል ከፈረስ አከራይ ሰማሁ። በእሳቸውም ቀናሁ።

ዓርብ፣ ከሰዓት፣ እናቴ ቤት

እናቴ ከድንጋዩ ቤት በር ላይ ፀሐይ እየሞቀች የበግ ፀጉር ትፈትላለች። ዓይኗ አያይም፤ ጣቷ ያያል።

"ደብሪቱ አይደለሽም፤ እርምጃሽ ይከብዳል። ማነሽ?"

"እኔ ነኝ፣ አጸደ።"

እንዝርቷን አስቀምጣ ለእንግዳ እንደሚነሣ ተነሣች። እጄን ዳበሰች። "ኧረ እጅሽ እንደ ጥጥ! ደብሪቱ፣ ለእህትሽ አጎዛ አንጥፊላት!"

ደብሪቱ በጭድ ተሸፋፍና ከአውድማ መጣች፤ ሳመችኝ፤ በሶ በጥብጣ ሰጠችኝ። ባሏ ሞቷል፣ ልጆቿ ወደ ከተማ ወጥተዋል። እሷና እናቴ ብዙ አይናገሩም። እናቴ እጇን ስትዘረጋ ውሃው እዚያ ይገኛል። ደብሪቱ ስታስል እናቴ ነጠላዋን ከትከሻዋ አንሥታ ወደ እሷ ትወረውራለች። እኔ ከአጎዛው ላይ ተቀምጬ አያለሁ።

ካፖርቱን አወጣሁ፤ ስለ ቀጠሮው ተናገርኩ። "ከሕክምናው በኋላም እኔ ጋ ይቀመጣሉ" አልኩ።

ደብሪቱ ጣሳውን አስቀመጠች። "ማንን ጠየቅሽ?"

"እኔም ልጃቸው ነኝ።"

"አርባ ዓመት የት ነበርሽ?"

"ወድጄ ነው የሄድኩት? አንቺ ምን አለብሽ፣ እናት አለሽ!"

"አንቺስ ምን አለብሽ? ፊደል አለሽ!" አውራ ጣቷን ወደ እኔ ዘረጋች። "የመሬት ደብተር ሲታደል ወረዳ ሄጄ በአውራ ጣቴ ነው የፈረምኩት። ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁብኝ። አንቺን ነው ያሰብኩት። እሷ ብትሆን በእስክሪብቶ ትፈርም ነበር አልኩ። እስከ ቤቴ በቅናት ተቃጥዬ ገባሁ።"

በእኔ ሰው ይቀናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

"ዝም በሉ" አለች እናቴ። "ለሁለታችሁም ያልነገርኳችሁ አለ። አክስታችሁ የመጣችው ደብሪቱን ልትወስድ ነው። ትንሽ ልጅ ቶሎ ትለምዳለች አለች። አዲስ ቀሚስ ይዛላት መጣች፤ አለበስኳትና ፈረሱ ላይ አወጣኋት። አጸደ ይህን ስታይ አበደች። ቀሚሱም የእኔ፣ ፈረሱም የእኔ ብላ መሬት ለመሬት ተንከባለለች። እህቷን ጎትታ አወረደቻት፤ ቀሚሱን ከገላዋ ላይ ገፈፈቻት።"

"እርስዎስ ምን አሉ?" አልኩ።

"ባሌን ከቀበርኩ ገና ሁለት ወር ነበር፤ ምን እላለሁ? አንዷ ትማርልኝ፣ አንዷ ትቅርልኝ ብዬ ቆርጬ ነበር። የትኛዋ እንደሆነች መምረጡ ግን አንጀቴን በልቶታል። አንቺ ስትመርጪ እግዜር መረጠልኝ ብዬ ዝም አልኩ።"

አስገድደው ወሰዱኝ እያልኩ ለስንቱ ሰው ተርኬያለሁ!

ደብሪቱ ያስቀመጠችውን ጣሳ አነሣች። ከዚያ "ቀሚሱ ምን ዓይነት ነበር?" አለች።

"ቀይ" አለች እናቴ። "ደረቱ ላይ አበባ የነበረው።"

ደብሪቱ ተነሥታ ወደ በጎቹ ሄደች። አልተከተልኳትም፤ ምን ብዬ እከተላታለሁ?

ቅዳሜ፣ ጠዋት

እናቴ ካፖርቱን ለብሳ፣ መቋሚያዋን ይዛ በር ላይ ጠበቀችን።

"ሐኪሙ ጋ እሄዳለሁ። የምትወስደኝ ግን ደብሪቱ ናት። ከፈረሱ አንድ ጊዜ ወርዳለች፤ አሁን ትውጣበት።"

"ቤቱስ? አውድማው ላይ ያለው ገብስስ?" አለች ደብሪቱ።

"አጸደ አለች አይደል!"

ለዚህ አልነበረም የመጣሁት። አርባ ዓመት ያለምኩትን መንገድ፣ እናቴን ክንዷን ይዤ ከአውቶቡስ የማወርድበትን ቀን፣ ለደብሪቱ ስጪ ተባልኩ። እምቢ ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። ደብሪቱ ግን አላየችኝም፤ አቧራ የጠጣ እግሯን እያየች ነበር። የቤቴን ቁልፍና የቀጠሮውን ወረቀት ሰጠኋት። ከተራራው ጫፍ ወጥቼ አዲስ አበባ ላለችው ጎረቤቴ ስልክ ደወልኩ፤ አውቶቡስ ተራ ወጥታ እንድትቀበላቸው። ከዘመድ ቤት ያደሩት ጋሽ ተክሌ ደብሪቱን ከፊት፣ እናቴን ከኋላ አፈናጠጧቸው። አፋፉን እስኪያልፉ ቆሜ አየሁ። እናቴ የደብሪቱን ወገብ አቅፋ፣ ጉንጯን ከጀርባዋ ላይ አስደግፋ ነበር። ቅናቱ እንደ ቃር አቃጠለኝ።

አሥራ ሁለት ቀን፣ እዚያው

ጠዋት እንስራው ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ለብሶ አገኘዋለሁ። ኩበት እጠፈጥፋለሁ፤ በጎቹ አያውቁኝም፣ ሲያዩኝ ይሸሻሉ። መንደሩ በወንፈል መጥቶ ገብሱን ሲወቃ ጭድ ተሸከምኩ። መዳፌ ውሃ ቋጠረ፣ ፈረጠ፣ እንደገና ቋጠረ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ቅቤ እየቀቡልኝ፣ "እናትሽ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህም ምርቱን በእጃቸው ዳስሰው ጠጠር ይለቅማሉ። ደብሪቱ ወገቧን ታማ እየተሳበች የሠራችበት ዓመት አለ" አሉኝ።

በአምስተኛው ቀን ውሃ ቀድቼ ዳገቱ ላይ ተቀመጥኩ፤ መነሣት አቃተኝ። በደብሪቱ ምኗ ነው የቀናሁት? በእናቷ። በዚህ እንስራ ግን አንድ ቀን እንኳ ቀንቼባት አላውቅም። አለቀስኩ፤ ውርጩ ፊቴ ላይ አደረቀው።

ሐሙስ፣ ከሰዓት፣ መሐል ሜዳ

ከጋሽ ተክሌ ጋር ልቀበላቸው ወረድኩ። አውቶቡሱ አቧራውን ይዞ ገባ። መጀመሪያ ደብሪቱ ወረደች፤ ቀጥላ እናቴ፣ ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ የማንንም እጅ ሳትይዝ።

"ቤትሽ ያምራል" አለች ደብሪቱ ስትስመኝ። "ፀጥታው ግን ከበደኝ። እዚያ ማን ያናግርሻል?"

ጓዟን ተቀበልኳት።

እናቴ መነጽሯን አወለቀች። አቧራ የሸፈነኝን፣ እጄ የቆሰለውን ሴት ከላይ እስከ ታች ስታየኝ ቆየች። ስናገር ነው ያወቀችኝ። አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ ብርሃኑ አዞረች።

"አባትሽን! ቁርጥ አባትሽን!" አለች፤ ያ የዳነው ዓይኗ እንባ ሞላ።

ደብሪቱ ፊቷን ስታዞር አየኋት። ያንን አዟዟር አውቀዋለሁ፤ የራሴ ነው። ወዲያው ግን ተመለሰችና እንደ ሕፃን ጠየቀች፦

"እኔስ እምዬ? እኔስ ማንን እመስላለሁ?"

እናቴ አገጬን ለቀቀችና በደንብ አየቻት። የተሰነጠቀ ጉንጯን፣ ከመቀነቷ በላይ የጎበጠ ጀርባዋን፣ የወጣውን ሽበት አየች።

"አንቺማ" አለች፣ "እኔን።"

ይኸው፣ ደግሞ ቀናሁ። ግን ሳቄ ቀደመኝ፤ እነሱም ሳቁ፤ ሦስታችን ተያይዘን ወደ ፈረሱ ሄድን።