ዝይዋ የከንቲባው ሚስት አልነበረችም

«አስቴር፣ ዝይዋ እኮ የከንቲባው ሚስት አይደለችም» አሉኝ ጋሽ ታደሰ ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ።

በዘጠናዎቹ ውጭ አገር፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ የሚባል ሰፈር ሳለን፣ ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና፣ አስማት ያለባቸው የድሮ የቼክ አገር ኮሜዲ ፊልሞች ከላይብረሪ ያመጣ ነበር። (መጀመሪያ ስለ ባንክ ቼክ መስሎት ነው የተዋሰው።)

እንግሊዝኛ አነባለሁ ብዬ ዋሽቼው ስለነበር ከሥር የሚሮጠውን ጽሑፍ የምተረጉመው እኔ ነበርኩ። የእንግሊዝኛውን ፊደል ግን ገና እየቆጠርኩ ነበር። ስለዚህ ፈጠርኩ።

ዝይዋን የከንቲባው ሚስት፣ የሚያወራውን በርሜል አማቷ አደረግኳቸው። ባለቤቴና እንግዳችን ጋሽ ታደሰ በሳቅ ይፈርሱ ነበር።

ሳልነግረው ሞተ። ስንት ዓመት ከበደኝ። ዛሬ ጋሽ ታደሰ ዝይዋን ሲያነሱ ግን ሁሉንም ከራሴ እንደፈጠርኩት ተናዘዝኩላቸው።

«አውቃለሁ፤ እዚያው ቼክ አገር፣ ፕራግ ስድስት ዓመት ተምሬአለሁ» አሉኝ።

«ታዲያ ያኔ ምነው ዝም አሉ?»

«ባልሽ ነዋ። ሊፍት ጋ ይዞኝ ‹ሁለት ቃል ብቅ ባለ ቁጥር አምስት ደቂቃ ታወራለች፤ ልክ ነው እንዴ?› አለኝ። ‹አንዱም ልክ አይደለም› አልኩት። ‹በል እንዳትነግራት፤ ታቆምብኛለች› አለኝ።»

እኔ በየዓመቱ ንስሐ ስገባ፣ ለካ እሱ የሚስቀው በእኔ ነበር።

እናንተስ ቤት፣ ውሸታችሁን እያወቀ «እሺ፣ ከዚያስ?» የሚላችሁ ሰው ነበር?