ሰባት ቀን በበረንዳ

የአናቶሚውን የጽሑፍ ፈተና በጥሩ ውጤት አልፌያለሁ። የወደቅሁት በተግባር ፈተናው ነው። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው፣ ታሪኩን የሰማ ሰው ሁሉ "ከብዷት ይሆናል" ብሎ ስለሚጀምር ነው። አልከበደኝም። ከከተማችን ከቂርያት ጋት ጠዋት በሚነሣው ባቡር ውስጥ የእጅ አንጓን ስምንት አጥንቶች በዕብራይስጥም በላቲንም በቃሌ እወጣቸው ነበር፤ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ያየ ሰው ዳዊት የምደግም ይመስለው ይሆናል።

የነርስነት ትምህርት የጀመርሁበት ዓመት ነበር። በኮሌጁ አንድ ረጅም ክፍል አለ፤ በጠረጴዛዎቹ ላይ አጥንቶች በሣጥን ሣጥን ተቀምጠዋል። በመጀመሪያው ቀን አስተማሪው "እነዚህ ፕላስቲክ አይደሉም፤ ገላቸውን ለትምህርት የሰጡ ሰዎች አጥንት ነው፤ በአክብሮት ያዟቸው" አለን። ሁሉም እጁን ዘረጋ። እኔ እጄን ነጭ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ከተትሁት። ሴሚስተሩ እስኪያልቅም ከዚያ አልወጣም።

በቤታችን የሞተ ሰው ገላ የነካ፣ አጥንትም ቢሆን፣ ሰባት ቀን ከቤተሰቡ ይለያል። አባቴ ከጎንደር፣ ከአይሁድ መንደራችን፣ ይዘውት የመጡት ሕግ ነው። እዚያ ለዚሁ የተለየች ጎጆ ነበረች አሉ። እዚህ ያለችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ በመስተዋት የተዘጋች በረንዳ ናት። አጎቴ የሞተ ጊዜ አባቴ ሬሳውን አንሥተው ነበርና ሰባት ቀን እዚያች በረንዳ ላይ ተኙ። ከፋብሪካ ሲመለሱ ሳሎኑን አቋርጠው ማለፍ ስለነበረባቸው እኔና ወንድሞቼ ግድግዳ ላይ እንለጠፍ ነበር። የዐሥር ዓመት ልጅ ነበርሁ። እናቴ ሳህኑን ደፉ ላይ አኑራ ወደ ኋላ ስትል አስታውሳለሁ።

አጥንቶቹን እንዳልነካ ግን ማንም አልከለከለኝም። አባቴን ጠይቄ እምቢ ከሚሉኝ፣ ሳልጠይቅ እጄን ኪሴ ውስጥ ማኖር ቀለለኝ። ዓይን አፋር ሰው እንዲህ ነው፤ ክልከላውን ራሱ ይፈጽምና ሌላውን ከድካም ያሳርፋል። ሁልጊዜ ከኋላ ስለምቆም ያስተዋለኝም አልነበረም።

በፈተናው ቀን ፈታኙ አንድ የጭን አጥንት ፊቴ አኖረ።

"የቀኝ ነው የግራ?"

አጎንብሼ አየሁት።

"አንሺው እንጂ።"

"ከዚህም ይታየኛል" አልሁ።

"በማየት አይለይም። አንሺው።"

በሁለት ጣቴ ጫፍ አነሣሁት። ከጠበቅሁት ይልቅ ቀላል ነበር። እንደ ጋለ ድስት ክዳን መልሼ አስቀመጥሁትና "የቀኝ" አልሁ። የግራ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚጠይቀኝን ሁሉ ከስንዝር ርቀት እየጠቆምሁ ስሙን እነግረው ጀመር። "ጣትሽ እኮ አየር ላይ ነው" አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሲጽፍ ቀና ብሎ አላየኝም። አጥንቱን ስለነኩት ሁለት ጣቶቼ ቤት ውስጥ ለማንም አልተናገርሁም።

ከሳምንት በኋላ የትምህርት ክፍሉ አስተባባሪ ጠራችኝ። የተግባሩን የወደቀ ትምህርቱን ሁሉ ይወድቃል፤ የቀረኝ ሁለተኛው ፈተና ብቻ ነው፤ እሱንም ከወደቅሁ ከነርስነት እሰናበታለሁ። ይህን ከነገረችኝ በኋላ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች።

"የአረጋውያን እንክብካቤ የሚባል አጭር ኮርስ አለን" አለችኝ። "ለአንቺ የተሠራ ነው የሚመስለው። እናንተ ሽማግሌ ማክበር ከቤት ይዛችሁት ነው የምትመጡት። ሥራውንም እዚያው ከተማሽ ውስጥ ታገኚዋለሽ።"

"ለሁለተኛው ፈተና እመጣለሁ" አልኋት።

"ቤት ሄደሽ አስቢበት።"

"አስቤያለሁ።"

አላሰብሁም ነበር። ምክንያቱንም አልነገርኋትም። ብነግራት ኖሮ ዓይኗ እንባ ያቀርርና በሚቀጥለው የመምህራን ስብሰባ ላይ ስለ ልዩ ልዩ ባህሎች በሚያወሩበት ሰዓት እኔ ምሳሌ እሆን ነበር። ምሳሌ ከምሆን ብወድቅ ይሻለኛል ብዬ ወጣሁ። ባቡሩ ውስጥ ግን መውደቁንም እንደማልፈልግ ዐወቅሁ።

ቤት ስደርስ አባቴ ከፈረቃቸው ተመልሰው የሥራ ጫማቸውን እየፈቱ ነበር። ጎንበስ ባሉበት፣ ዓይናቸውን ሳላይ፣ ተናገርሁ።

"አባባ፣ የሰው አጥንት ልነካ ነው።"

"የማን?"

"የማላውቀው ሰው። ለትምህርቴ ነው።"

እናቴ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። "ጓንት አይሰጧችሁም?"

"ይሰጡናል።"

"ጓንት ሕግ አያውቅም" አሉ አባቴ። አንዱን ጫማ አውልቀው ሌላውን ተዉት። "አንድ ጊዜ ነው?"

"ማክሰኞና ሐሙስ። በየሳምንቱ፣ እስከ ፈተናው ድረስ።"

እናቴ በጣቷ መቁጠር ጀመረች። "እንግዲያ ሰባቱ መቼ ሊያልቅልሽ ነው?"

"አያልቅም።"

"ፈቃድ እየጠየቅሽኝ ነው?" አሉኝ አባቴ።

"አይደለም። እየነገርሁዎ ነው።" ቦርሳዬን ወለሉ ላይ አኖርሁ። "ሕጉንም አላፈርስብዎትም። በረንዳው ላይ እተኛለሁ።"

"ሌላ ትምህርት ጠፋ? ቢሮ ተቀምጠው የሚሠሩት ሞልቶ የለ?"

"አለ። አልማረውም።"

"ልጄ፣ ብርድ ነው እኮ" አለች እናቴ።

"ለአባባም ብርድ ነበር።"

አባቴ ሁለተኛውን ጫማ አወለቁ።

በማክሰኞው የአጥንት ክፍሉን የምትጠብቀው ሴት ከፍታ አስገባችኝ። ሌላ ሰው አልነበረም። ጓንቴን አጥልቄ ጠረጴዛው አጠገብ ለመቆም ደቂቃዎች ወሰደብኝ። ከዚያ የጭኑን አጥንት በሁለት እጄ አነሣሁት። በአውራ ጣቴ ከኋላው ወርጄ የሻከረውን መስመር አገኘሁ፤ ከፊቱ ልስልስ ነው፣ ትንሽም ቀስት መስሎ ወደ ፊት ይወጣል። ክብ ራሱ ምንጊዜም ወደ ውስጥ፣ ወደ ዳሌው ይመለከታል። ከገዛ ጭኔ ጎን ሳቆመው ጥያቄው በራሱ አለቀ፤ ግራ ከመሆን በቀር ሌላ ሊሆን አይችልም። ሴሚስተር ሙሉ በሥዕል ስፈልገው የነበረው ነገር ይህ ብቻ ነበር። ተናደድሁ። በማንም ሳይሆን በኪሶቼ።

ያን ቀን ማታ ፍራሼን በልብስ ማጠቢያ ማሽኑና በአባቴ የመሣሪያ ሣጥን መካከል ዘረጋሁ። የራሴ ሳህን፣ የራሴ ብርጭቆ ነበረኝ። ሳሎኑን ሳቋርጥ ወንድሞቼ ግድግዳ ላይ ይለጠፉና ይስቁብኛል። ትንሹ "ሬሳዋ መጣች" ይላል፤ እናቴ በማማሰያ ታባርረዋለች። እሷም ብትሆን መስተዋቱን እያንኳኳች "እንግዳዬ፣ ሽሮ ላምጣልሽ?" ትለኝ ነበር። ዝናብ ሲመጣ በመዝጊያው ሥር ውኃ ይገባል፤ ደብተሮቼን ማሽኑ ላይ እደረድራለሁ።

ማንም አላዘነልኝም፤ እኔም እንዲያዝኑልኝ አልፈለግሁም። አባቴ የጠበቁትን ሕግ አንዲት ፊደል ሳልቀንስ ጠበቅሁ። ይህ ትሕትና ይመስል ነበር፤ አልነበረም። ሕጉ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ በመስተዋቱ በኩል፣ በየቀኑ እንዲያዩት እፈልግ ነበር።

አንድ ቅዳሜ አክስቴ ከከተማችን አዲስ ሰፈር፣ ከካርሜ ጋት፣ መጣች። ሳሎን ተቀምጣ መስተዋቱን ስታይ እኔን አየችኝ፤ ብርድ ልብስ ተከናንቤ አነባለሁ።

"ምን አጥፍታ ነው?" ስትል ሰማሁ።

"አላጠፋችም" አሉ አባቴ። "ትማራለች።"

"በረንዳ ላይ?"

"በረንዳ ላይ።"

አክስቴ ዞራ መስተዋቱን ደግማ አየችው። "ቤተ መጻሕፍት የላቸውም?" አለች በመጨረሻ። እናቴ ሳቋን ለማፈን ወደ ወጥ ቤት ሄደች። አባቴ አልሳቁም፤ ከዚያን ቀን በኋላ ግን ከፋብሪካ ሲገቡ ወደ በረንዳው ማየት ተዉ።

ሁለተኛው ፈተና በስድስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ዋለ። ፈታኙ ያው ነበር፤ እኔንም አልረሳም።

"ዛሬም ከሩቅ ይታይሻል?"

"አይታየኝም" ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

መጀመሪያ የሰጠኝ የጉልበት ሎሚ ነበር። ትንሽ ናት፤ ለማታለል ይወዷታል። ልስልሱን ገጿን ወደ ጠረጴዛው፣ ሹል ጫፏን ከእኔ ወዲያ አድርጌ ለቀቅኋት። ሰፊው ጎኗ ስለሚከብድ ወደ መጣችበት እግር ታዘነብላለች። ወደ ቀኝ አዘነበለች።

"የቀኝ" አልሁ።

የጭኑን አጥንት ሰጠኝ፤ አሁንም የግራ ነበር። መልሼ ከማስቀመጤ በፊት የሻከረውን መስመር በጣቴ እያሳየሁ የትኞቹ ጡንቻዎች እንደሚያያዙበት ነገርሁት።

"ይህን አልጠየቅሁሽም" አለ።

"አውቃለሁ" አልሁና ጨረስሁለት።

ውጤቱ ሐሙስ ወጣ፤ አልፌያለሁ። አስተባባሪዋ ኮሪደር ላይ አግኝታኝ "አስደነቅሽኝ" አለችኝ።

"እኔን አልደነቀኝም" አልሁ።

"ምን አልሽ?"

በጣም ቀስ ብዬ ነበር የተናገርሁት። ደግሜ፣ ጮክ ብዬ ነገርኋት። ፊቴ በእሳት የተለበለበ መሰለኝ፤ ግን ቆሜ ነገርኋት።

ዓርብ ማታ ቤተሰቡ ለሰንበት ተሰብስቦ ተቀመጠ። እኔ በረንዳው ላይ ሆኜ አሰብሁ። በሚቀጥለው ዓመት ሆስፒታል እንገባለን። እዚያ ሰው ይሞታል፤ የሞተውን የምታጥበውና የምታዘጋጀው ነርስ ናት። ማክሰኞና ሐሙስ ብሎ ነገር የለም። ገላዬን ታጠብሁ፣ ነጭ ልብሴን ለበስሁ፣ የመስተዋቱን በር ከፍቼ ገባሁና ከወንድሞቼ መካከል በቀድሞ ቦታዬ ተቀመጥሁ። ማንም አልተለጠፈም፤ ግድግዳው ሩቅ ነበር።

አባቴ የሰንበቱን ዳቦ ይዘው ቆመዋል።

"ስንተኛ ቀንሽ ነው?"

"አራተኛ።"

"ሕጉ ሰባት ነው።"

"አውቃለሁ አባባ። ስድስት ሳምንት ጠብቄዋለሁ። አሁን ግን ሥራዬ ይኸው ነው፤ በረንዳ ላይ አላረጅም።"

እናቴ ማንካውን ይዛ እንደ ቆመች ቀረች። አባቴ ለረጅም ጊዜ አዩኝ፤ እኔም፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፣ ዓይኔን አልሰበርሁም። ከዚያ ባርከው ቆረሱ። ለእናቴ በእጇ ሰጧት፤ ለወንድሞቼም በእጃቸው። የእኔን ጠረጴዛው ላይ፣ ከፊቴ አኖሩት። እንዳይነኩኝ ብለው ይሁን፣ ወይስ እጃቸው አልደርስ ብሎ፣ አልጠየቅሁም።

አነሣሁና በላሁ።