ያልተሰማው ኩሽኔታ

እህል ነጋዴ ነኝ፤ ያኖረኝ ጆሮዬ ነው። ባቄላ በእፍኝ ተነስቶ ተመልሶ ሲፈስ፣ ደረቁንና ውሃ የተረጨበትን ሳላየው እለያለሁ። ጤፉ ላይ አሸዋ የደባለቀ ሰው «እውነቴን ነው» ሲለኝም ከእህሉ ይልቅ ድምፁን ነበር የምመዝነው።

ፒካፗ የሁለታችን ነበረች፤ የእኔና የታላቅ ወንድሜ። ከእኛ በፊት ስንት ጌታ እንደቀያየረች እሷም የምታስታውስ አይመስለኝም። እሱ ይነዳል፣ እኔ እገዛለሁ፣ እሸጣለሁ። የቁይ ገበያ ሲውል ጭነን ወደ ማርቆስ እንመለሳለን። ከጭነቱ ላይ ደግሞ ሰው ይሳፈራል፤ ቄስ ከነጥላቸው፣ ዶሮ ያቀፈች ሴት፣ ለፈተና የሚሄድ ተማሪ። ወንድሜ እምቢ ማለት አያውቅም። «ወራጅ አለ» ብለው ሲጮኹ ግን አልፏቸው ይሄዳል። ወርደው ሲቆጡት «ትንሽ በእግር መመለስ ለጤና ነው» ይላቸው ነበር። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ድምፁ የጀመረው ክረምቱ በወጣ ሰሞን ነው። ጠጠሩ መንገድ ላይ ምንም አይሰማም፤ ጠጠር የራሱ ወሬ አለው። ማርቆስ ልንገባ አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ግን ከኋላ የንብ ቀፎ የመሰለ ጉርምርምታ ይነሳል። ስንፈጥን ይጨምራል፣ ስንቀዘቅዝ ይወርዳል።

«ጋሼ፣ ከኋላ እግር የሚያጉረመርም ነገር አለ።»

«ጭነቱ ነው።»

በሳምንቱ ባዶዋን ስንሄድ ደገምኩለት።

«ንፋስ ነው።»

«ምን ዓይነት ንፋስ ነው፣ እኛ ስንቆም አብሮን የሚቆም?»

«አንተ ባቄላህን ስማ» አለኝና ቴፑን ከፍ አደረገው።

ቴፑን ከፍ ማድረግ ዓመሉ ከሆነ ቆይቶ ነበር። በስተርጅና ዘፈን ወደደ ብዬ አላግጥበታለሁ። ከኋላ የሚመጣ መኪና ክላክስ ሲያደርግለት አለማሳለፉንም እልህ ነው ብዬ ነበር የያዝኩት። ነጋዴ የሰውን ሁሉ ሲጠራጠር ይውላል፤ የራሱን ሰው ግን እንደ ታሸገ ኩንታል ሳይፈታ ያምነዋል።

በመጨረሻ እኔ እልህ ያዘኝና ጋራዥ አስገባናት። መካኒኩ ከእኛ በዕድሜ የሚያንስ፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አስያዘና ኋላዋን በክሪክ አነሳ። የግራውን ጎማ ከላይና ከታች ይዞ ወዘወዘው፤ ንቅንቅ አላለም። የቀኙ ግን ሊወልቅ እንደደረሰ የልጅ ጥርስ ተነቃነቀ። ከዚያ ረጅም ካቻቢቴ አመጣ። ጫፉን ከጎማው በስተጀርባ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ጎማውን በእጁ አሽከረከረው።

«ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ አልቋል» አለ። «አሸዋ የሚፈጭ ወፍጮ ሆኗል። እስቲ ስማው።»

ሰማሁት። ወፍጮ ነበር።

«ጋሼ፣ እርስዎም ይስሙት እንጂ፤ ሹፌሩ እርስዎ ነዎት።»

ወንድሜ ተንበረከከ። በልጅነቱ የቄስ ትምህርት ቤት የቆየ ነውና፣ ዜማ ሲሰማ እንደለመደው ዓይኑን ጨፈነ። መካኒኩ ጎማውን አሽከረከረለት። ወንድሜ እጀታውን አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ጆሮው አቀያየረ። ጎማው ቀስ እያለ መጣ፤ ቆመ። እሱ ዓይኑን እንደጨፈነ ነው።

«አዎ» አለ ራሱን እየነቀነቀ፤ «አሁን ሰማሁት። ጉድ ነው፣ እንዴት ነው የሚፈጨው።»

መካኒኩ እኔን አየኝ፤ እኔ ክሪኩን አየሁ።

ወንድሜ ዓይኑን ሲገልጥ የጠበቀው የቆመ ጎማ ነው። መቼ እንደቆመ ከፊታችን ላይ ፈለገ። የነጋዴ ፊት አይነበብም ይላሉ፤ የእኔ ያን ቀን ተነበበ።

«በል ሥራህን ሥራ» አልኩት መካኒኩን፣ ከሚገባው በላይ ጮክ ብዬ።

ጎማው ወረደ፣ የፍሬኑ ታምቡር ወለቀ፣ ዘንጉ ከነኩሽኔታው ተስቦ ወጣ። አሮጌው ኩሽኔታ ዘንጉን አልለቅም ብሎ በመሮና በመዶሻ ነው የተሰበረው። ወንድሜ ስባሪውን ተቀብሎ ግራሶውን በጨርቅ ጠረገና ጣቱን በውስጡ አስኬደ።

«ይኸውልህ፣ እዚህ ጋ ተፈልፍሏል። ውሃ ገብቶበት ነው።»

መካኒኩ አዙሮ አዙሮ አየው፤ ምንም አልታየውም። ኋላ በጥፍሩ ሲፈልግ አገኘው። የወንድሜ ጣት ሁሉንም ያውቅ ነበር። ያ ነው የበለጠ ያሳዘነኝ።

አዲሱን የሚያስገባ ማሽን ጋራዡ አልነበረውም። መካኒኩ በጣሳ የተቃጠለ ዘይት ከሰል ላይ ጣደና ኩሽኔታውን እንደ ድንች ቀቀለው። ብረት ሲግል ይሰፋል፤ በጉጠት አንስቶ ዘንጉ ላይ ሲለቀው ያለ መዶሻ ሄዶ ቦታው ላይ ተቀመጠ።

«የግራውንም ቀይረው» አለ ወንድሜ። «እኩል ነው የሠሩት፤ አንዱ ካለቀ ሌላው ብዙ አይቆይም።»

ሥራው ሲያልቅ ለሙከራ ወደ ደጀን በሚወስደው አስፋልት ወጣን። ቴፑን አልከፈተም። መኪናዋ ጸጥ ብላለች።

«አሁንስ?» አለኝ፣ መንገዱን እያየ።

«ጠፋ፣ ጋሼ። ምንም የለም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነበር?»

ዕድሜዬን በዋጋ ላይ ስዋሽ ኖሬ ለወንድሜ የሚሆን ውሸት አጣሁ። «ክረምቱ ከወጣ ጀምሮ» አልኩት፣ ወደ እሱ ዞሬ፣ ቃሉን እየለየሁ። አፌን እንዲያይ ብዬ መዞሬን ያወቅሁት ከዞርኩ በኋላ ነው። እሱም አወቀ።

ከኋላችን አንድ የጭነት መኪና ክላክሱን ለቀቀው። ረጅም፣ የተናደደ ክላክስ ነው። በመስታወት እያየሁት ተጠጋን፤ ወንድሜ ግን መሐል መንገዱን አልለቀቀም። ክንዱን ያዝ ሳደርገው ደነገጠና ወደ ዳር ሸሸ። መኪናው ሲያልፈን ረዳቱ ከወገቡ በላይ በመስኮት ወጥቶ እየሰደበን ነበር። ወንድሜ አፉን እያየ ዳር ይዞ አቆመ።

በቤታችን ታላቅን «ደከምክ» አይሉትም። አባታችን እርሻ ሲከብዳቸው እናታችን «በሬው አርጅቷል፣ ዘንድሮ መሬቱን በእኩል ለሰው እንስጠው» ነበር ያለችው፤ በሬው ጎረምሳ ነበር። አባታችንም በሬውን ሰድበው ተስማሙ፤ ነገሩ በዚያ አለቀ። እኔም ያንኑ ሞከርኩ።

«መኪናዋ አርጅታለች፣ ጋሼ። አንተን አደከመችህ። ሹፌር እንቅጠርላትና አንተ ገበያውን አብረኸኝ እይ።»

«መኪናዋ አይደለችም» አለ።

ዞሮ በኋላ መስኮት ባዶውን የጭነት ቦታ አየ።

«ላይዋ ላይ ስንት ሰው ስጭን ከረምኩ?»

ጣቶቼን ማጠፍ ጀምሬ ተውኩት። ቁጥር የማይጠፋብኝ ሰው ነኝ።

በሩን ከፍቶ ወረደ፤ በፊት ለፊት ዞሮ የእኔን በር ከፈተ። «ወደ መሪው እለፍ» አለኝ። መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ የሌለኝ መንዳቱ ነው። ይህን እሱ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ያስተማረኝም፣ ተስፋ የቆረጠብኝም እሱ ነው።

ስንነሳ ማርሹ አጥንት እንደሚግጥ ውሻ ተንጫጫ። ድሮ ቢሆን «ውረድ፣ ብረት ፈጂ» ብሎ ያባርረኝ ነበር። አሁን ወደ ማሳው ዞሮ በመስኮት ያያል። ሁለተኛውን ማርሽ ፈልጌ ሳጣና መኪናዋ ስትንገጫገጭ፣ ግራ እግሩ ሳያዘው ተነስቶ የፍሪሲዮን ፔዳል የሌለበትን ወለል ረገጠ።