የጢስ መውጫዋ መስኮት

ባለፈው ሳምንት ለተከራየሁት ክፍል መጋረጃ የሚሆን አቡጀዲ ገዛሁ። ከፌስታሉ አውጥቼ ስዘረጋው የአዲስ ጨርቅ ሽታው ክፍሉን ሞላው። በመስኮቱ ላይ ወጥሬ ልለካው ስል የወልድያ የከሰዓት ፀሐይ ጨርቁን አልፋ እጄ ላይ አረፈች፤ እኔም መለካቱን ረሳሁት። ጨርቁ እስካሁን ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ ላሊበላ። ጎረቤታችን ሰዓሊ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲሠራ ግድግዳ ላይ አይወጣም። አቡጀዲ በእንጨት ይወጥርና ቤቱ ቁጭ ብሎ ይሥላል። ሲያልቅ ጨርቁን ጠቅልሎ በበቅሎ ይወስድና፣ ቆዳ ተቀቅሎ በሚወጣ ሙጫ ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል። ግቢው ሁልጊዜ ሙጫ ሙጫ ይሸት ነበር።

እሱ ግን ከቀለም ይልቅ በብርሃን የተለከፈ ሰው ነበር። የሚሠራበት ክፍል ቆርቆሮ ላይ አንዲት የምስማር ቀዳዳ ነበረች። በእሷ የምትገባው የብርሃን ጠብታ ከቀትር በኋላ ወለሉን አቋርጣ ግድግዳው ላይ ትወጣለች። የደረሰችበትን በከሰል ምልክት እያደረገ፣ «ካለፈው ሳምንት ሁለት ጣት ወደ በሩ ቀርባለች» ይለኝ ነበር። ክረምት ላይ ዝናቡ ሲያንጠባጥብ ሚስቱ ድፈናት ብትለው ከሥር ጣሳ አስቀመጠ እንጂ አልደፈናትም። እናቴ፣ «ሰው ከብት ይጠብቃል፤ ይሄ ፀሐይ ይጠብቃል» እያለች ትስቅበት ነበር።

እኔ የማልናገር ልጅ ነበርኩ። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ እገባለሁ፤ ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅሁ እጄን አላወጣም። እሱ ቤት መሄድ የምወደው እንድናገር ስለማይጠይቀኝ ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ አጠገብ ያለችውን በርጩማ አሳየኝ።

«እዚህ ቁጭ በይ። ቀኝ ጉንጭሽን ወደ ደጅ።»

«ለምን ጋሼ?»

«ከጉንጭሽ ላይ አንድ ነገር ልዋስ ነው። እመልስልሻለሁ።»

ያኔ በሙጃ መንገድ ላለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን እመቤታችንን ከነልጇ እየሣለ ነበር። የአገራችንን ሥዕል ታውቂዋለሽ፤ የቅዱሳን ፊት ሙሉ ነው፣ ዓይናቸው ትልልቅ ነው፣ ጥላ አይወድቅባቸውም። እሱም ዕድሜውን ሙሉ እንደዚያ ሲሥል ኖሯል። ያን ጊዜ ግን አንድ ነገር አማረው። «ሳልሞት አንድ ጊዜ ብርሃን ከአንድ በኩል ብቻ የመጣበት ፊት ልሥል» ይል ነበር።

ሲጨርስ ጠርቶ አሳየኝ። ዓይኗም አፍንጫዋም እንደ ወጉ ነበር። ቀኝ ጉንጯ ግን ፀሐይ እንደነካው ሞቋል፤ ግራው ላይ ለስላሳ ጥላ አርፏል።

«ፊትሽን አልወሰድኩብሽም፤ ጥላሽን ነው» አለኝ። አምሮኛል ለማለት እንኳ አፈርኩ።

በሦስተኛው ቀን የደብሩ አለቃ ሥዕሉን ሊያዩ መጡ። ጨርቁ ፊት ቆመው ወደ ጉንጯ ጎንበስ አሉ።

«ጉንጯን ምን ነካት? ጥላሸት ነው?»

«ብርሃን ነው አባታችን። በዚህ በኩል ሲመጣ፣ በዚያ በኩል...»

«በእመቤታችን ፊት ጨለማ አኑረህ ብርሃን ነው ትለኛለህ?»

«ግማሹ ካልጠቆረ ግማሹ አይበራም ብዬ ነው።»

«እሷን የሚያበራት ሌላ አለ እንዴ?» አሉና በሩ ላይ ወዳለሁት ወደ እኔ ዞሩ። «እስቲ አንቺ ልጅ፣ ጉንጯ ላይ ምን ይታይሻል?»

ሰዓሊው አየኝ። ከእኔ የሚፈልገው አንድ ቃል ብቻ እንደሆነ አውቄያለሁ። ግን አለቃው ሲያዩኝ ቶሎ የሚገላግለኝን መልስ መረጥኩ።

«ጥቁር ነው አባ» አልኩ።

በማግስቱ ጥላውን በቀለም ሸፈነው። በሩን ተደግፌ አለቀስኩ። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ ጋሼ» አልኩት። «አንቺ ያየሽውን ተናገርሽ፤ ብርሃን መሆኑን ማሳየት የእኔ ሥራ ነበር» አለ፤ ብሩሹን አስቀምጦ የምስማሯን ቀዳዳ ቀና ብሎ ሲያይ ቆየ። ዕንባውን የሚደብቅ መስሎኝ ነበር።

ሥዕሉ የሚለጠፍ ዕለት ሚስቱና እኔ አብረነው ሄድን። ቦታው በወግ የተወሰነ ነው፤ ወደ ምዕራብ በሚያየው የመቅደሱ ግድግዳ፣ ከበሩ ጎን። ለጥፎ ሲጨርስ እጁን እየጠረገ አለቃውን እንዲህ አላቸው፦

«አባታችን፣ የጧፉ ጢስ መውጫ የለውም። ውሎ አድሮ ሥዕሉን ያጠቁርብዎታል። እዚያ ፊት ለፊት፣ በውጭው ግድግዳ ከላይ፣ አንዲት ትንሽ መስኮት ብትከፈትለት?»

«ለጢስ ነው?»

«ለጢስ ነው።»

አለቃው ጥቂት አዩትና፣ «ትከፈት» አሉ።

ቦታዋን የመረጠው ራሱ ነው። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ጠብቆ መሰላል ላይ ወጣ፤ ከዚያ እስከ እመቤታችን ፊት ሲባጎ ወጠረና ግድግዳውን በከሰል ምልክት አደረገበት። ግንበኛው፣ «ጢስ ደግሞ በሲባጎ ይለካል እንዴ?» ብሎ አሳቀን። እኔም ሳቅሁ። አልገባኝም ነበር።

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ እናቴ ደውላ ማረፉን ነገረችኝ። ፈተና ላይ ነበርኩ፤ ለቀብሩ አልደረስኩም።

ባለፈው ጥር ነው እንግዲህ፣ በጋሸና አድርጌ ቤተሰብ ልጠይቅ ስሄድ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ወደዚያች ቤተ ክርስቲያን የወረድኩት። ውስጡ ደብዝዟል። አለቃው መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ሥዕሉ ዞረው ተቀምጠዋል። ዓይናቸውን ነጭ ነገር ጋርዶታል።

«ማን ነው?»

«የሰዓሊው ጎረቤት ነኝ አባ።»

«ያቺ የማትናገረዋ?» ፈገግ አሉ። «ደህና ጊዜ መጣሽ። ዓይኔ ከደከመ ወዲህ የሰው ዓይን እለምናለሁ። ስትደርስ ንገሪኝ።»

ምን እንደምትደርስ ልጠይቃቸው ስል አየኋት። በትንሿ መስኮት የገባችው ፀሐይ የሕፃኑ እጅ ላይ ነበረች። ቀስ ብላ ወደ ላይ ወጣች፤ የእናቱ ቀኝ ጉንጭ ላይ ደረሰች። ግራው በጥላ ቀረ። ያ የተሸፈነው ጥላ፣ የእኔው ጥላ፣ በቦታው ነበር።

«መጣች?» አሉ አለቃው።

«መጥታለች አባ።»

«ምን ይታይሻል?»

«ብርሃን ነው» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጮክ ብሎ ወጣ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያ ሰውዬ ለጢስ ነው ብሎኝ እኮ ነው።»

«ያኔ ያውቁ ነበር አባ?»

«ጢስ በሲባጎ ሲለካ አይቼ አላውቅም» አሉ።

ፀሐይዋ ከእመቤታችን ፊት ተነሥታ፣ ከራሷ በላይ አልፋ እስክትጠፋ የደረሰችበትን እየነገርኳቸው ቆየሁ።